ወደ ሐይቁ ስንት መንገድ አለ?

(ሐዋሳ ላይ ለሒሳብ መምህራንና ለ11ኛ እና 12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ)

ደብተር ያላችሁ አውጡ፤ የዛሬው ነገር በጆሮ ብቻ አይያዝም።

ሐዋሳ ለዚህ ርዕስ ትመቻለች። ቀጥ ያሉ መንገዶች እርስ በርስ የሚቋረጡባቸው ሰፈሮች አሏት፤ ሐይቁም በምዕራብ ስላለ «ወደ ሐይቁ» ሲባል አቅጣጫው ለማንም አይጠፋም። እውነተኛው ካርታ እንደ ደብተር መስመር የተስተካከለ አይደለም፤ ለዛሬ ግን እናስተካክለው። ከአንድ መስቀለኛ ተነስተን፣ ወደ ሐይቁ 4 ብሎክ ወደ ሰሜን ደግሞ 3 ብሎክ ርቆ ወዳለ ሌላ መስቀለኛ እንሄዳለን። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ወይ ወደ ሐይቁ ነው ወይ ወደ ሰሜን። ስንት የተለያየ መንገድ አለ?

ክፍል ውስጥ ቶሎ የሚመጣው መልስ 12 ነው፦ 4 ሲባዛ በ3። እሱ የብሎኮቹ ብዛት ነው እንጂ የመንገዶቹ አይደለም። ቀጥሎ 128 ይመጣል፤ «7 እርምጃ አለ፣ በየእርምጃው ሁለት ምርጫ አለ፣ ስለዚህ ሁለትን ሰባት ጊዜ እናባዛ» የሚል። ይሄኛው የተሻለ ስሕተት ነው፤ ውስጡ ግማሽ እውነት አለበት። 128 ማለት 7 እርምጃ ሄደው የትም ቢደርሱ የሚቆጠሩ መንገዶች ናቸው። እኛ ግን መድረሻ አለን፤ ወደ ሰሜን 3 ጊዜ ሄዳችሁ ከጨረሳችሁ ምርጫ አለቀ፣ የቀረው ሁሉ ወደ ሐይቁ ነው። ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉም ይበልጥ ስውር ነው። ሥዕሉን ሥሎ በእርምጃ ፈንታ መስቀለኛ መቁጠር። 4 ብሎክ 5 መስቀለኛ አለው፣ 3 ብሎክ 4 መስቀለኛ አለው። 5 እና 4 ብሎ ቀጥሎ በምናየው ቀመር ውስጥ የከተተ ሰው 126 ያገኛል። ቀመሩ ትክክል፣ ስሌቱ ትክክል፣ መልሱ ስሕተት። ስለዚህ ከምንም በፊት ጣታችሁን ሥዕሉ ላይ አድርጉና እርምጃ ቁጠሩ።

አሁን ሥዕሉን ትታችሁ ፊደል ጻፉ። ወደ ሐይቁ ለሚደረግ እርምጃ ሐ፣ ወደ ሰሜን ለሚደረግ ሰ። አንዱ መንገድ ለምሳሌ ሐሐሰሐሰሰሐ ይሆናል። እያንዳንዱ መንገድ አንድ ቃል አለው፤ 4 ሐ እና 3 ሰ ያለው እያንዳንዱ ቃልም አንድ መንገድ አለው። የሚተርፍ መንገድ የለም፣ የሚተርፍ ቃልም የለም። ስለዚህ መንገድ መቁጠሩን ትተን ቃል እንቁጠር። 7 ባዶ ቦታ አለ፤ ሰ የሚገባባቸውን 3 ቦታዎች መምረጥ ብቻ ነው፣ ሌላው በሐ ይሞላል። ለመጀመሪያው 7 ምርጫ፣ ለሁለተኛው 6፣ ለሦስተኛው 5፤ ብዜቱ 210። ግን 2ኛን፣ 5ኛን እና 6ኛን ቦታ መምረጥና 6ኛን፣ 2ኛን፣ 5ኛን መምረጥ ያው አንድ ቃል ነው። ሦስት ቦታዎች በ6 ዓይነት ቅደም ተከተል ይመረጣሉ፤ 210 ለ6 ሲካፈል 35።

እዚህ ላይ ማካፈል ለምን ተፈቀደልን? እያንዳንዱ ቃል በትክክል 6 ጊዜ፣ አንድም ሳይበልጥ አንድም ሳይጎድል ስለተቆጠረ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ይህን ቁጥር ኮ(7፣3) እንበለው፤ ኮ ለኮምቢኔሽን። የሰን ቦታ በመምረጥ ፈንታ የሐን አራት ቦታ ብንመርጥ ቃሎቹ ያው ናቸው፤ ስለዚህ ኮ(7፣3) እና ኮ(7፣4) እኩል ናቸው። ይህን በፋክቶሪያል (ከ1 እስከ ቁጥሩ ያሉትን ሁሉ በማባዛት) ማረጋገጥ ይቻላል፤ ግን ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አያስፈልገውም።

በእጅ ስታሰሉ ፋክቶሪያልን እርሱት። እያባዛችሁ እያካፈላችሁ ሂዱ፦ 7፤ ሲባዛ በ6 ሲካፈል ለ2፣ 21፤ ሲባዛ በ5 ሲካፈል ለ3፣ 35። በመንገዱ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ ሙሉ ነው፤ 7 ኮ(7፣1) ነው፣ 21 ኮ(7፣2) ነው። ክፍልፋይ ከመጣባችሁ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ብዙው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር 69 ፋክቶሪያል ላይ ያበቃል፤ 70 ፋክቶሪያል ከመቶ አሃዝ ያልፋል። ፕሮግራም የምትጽፉም ተጠንቀቁ፤ 13 ፋክቶሪያል በ32 ቢት ኢንቲጀር (ኮምፒዩተር ሙሉ ቁጥር በሚይዝበት ቦታ) ውስጥ አይገባም፣ 21 ፋክቶሪያል በ64 ቢት ውስጥ አይገባም። ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ «ሞልቷል» ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ፣ አንዳንዴም ኔጌቲቭ ቁጥር ይሰጣችኋል።

ሁለተኛው ዘዴ መምረጥም ማካፈልም የለበትም፣ መደመር ብቻ ነው። እያንዳንዱ መስቀለኛ ላይ፣ ከመነሻው እዚያ የሚያደርሱትን መንገዶች ብዛት ጻፉ። አንድ መስቀለኛ ላይ የሚደረሰው ከሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ከበስተ ምሥራቁ ጎረቤት ወይም ከበስተ ደቡቡ። ሁለቱን ደምሩ። የመጀመሪያው ረድፍና የመጀመሪያው ዓምድ ሁሉ 1 ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው ቀጥታው ብቻ ነዋ። ከመነሻው ወደ ሐይቁ እየሄዳችሁ አንብቡ፣ የታችኛው ረድፍ መነሻው ያለበት ነው፦

1  4  10  20  35
1  3  6  10  15
1  2  3  4  5
1  1  1  1  1

ጫፉ ላይ 35 ቁጭ ብሏል። ይህ የፓስካል ሦስት ማዕዘን ነው፣ በጎኑ ተኝቶ። የፓስካል ጽሑፍ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1665 ሲሆን ቻይናዊው ያንግ ሁይ ግን በ1261 ጽፎታል፤ እሱም ከሱ በፊት የነበረ ሰው ሥራ መሆኑን ተናግሯል። ስም አንዴ ከተጣበቀ አይነቀልም።

የሠንጠረዡ ጥቅም የሚታየው ቁጥሩ ሲያድግ ነው። 20 በ20 በሆነ መረብ ላይ 137,846,528,820 መንገድ አለ። መንገዶቹን አንድ በአንድ እየተከተለ የሚቆጥር ፕሮግራም ከ137 ቢሊዮን በላይ ጊዜ መድረሻው ላይ መድረስ አለበት። ሠንጠረዡ 21 ሲባዛ በ21፣ 441 ሳጥን ነው፤ ታግሶ ለሚቀመጥ ሰው በእጅም ያልቃል።

አሁን መንገድ እንዝጋ። ወደ ሐይቁ 2፣ ወደ ሰሜን 1 ርቆ ያለው መስቀለኛ ተቆፍሯል እንበል፤ ሀ እንበለው። ከ35ቱ ስንቱ በሀ ያልፋል? ከመነሻ እስከ ሀ 3 መንገድ፣ ከሀ እስከ መድረሻ 6 መንገድ (2 ሐ እና 2 ሰ ቀርቷል)። የፊተኛው ከኋለኛው ጋር እንደልቡ ስለሚጣመር ይባዛል እንጂ አይደመርም፦ 18። ሀ ሲዘጋ 17 ይቀራል። ከሀ ቀጥሎ በሰሜን ያለው መስቀለኛ፣ 2 እና 2 ላይ ያለው፣ ለ ይሁን። በለ የሚያልፉትም 6 ሲባዛ በ3፣ 18 ናቸው። ሁለቱ እኩል የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ወረቀቱን ግማሽ ዙር አዙሩት፤ መነሻው መድረሻ ይሆናል፣ ሀ በለ ቦታ ይቀመጣል። አንዱን ካሰላችሁ ሌላውን ሳታሰሉ ታውቁታላችሁ።

ሁለቱም ቢዘጉስ? 35 ሲቀነስ 18 ሲቀነስ 18፣ ከዜሮ በአንድ ያነሰ ቁጥር መጣ። ግን በሁለቱም የሚያልፉ መንገዶች ሁለት ጊዜ ተቀንሰዋል፤ እነሱ 3 ሲባዛ በ1 ሲባዛ በ3፣ 9 ናቸው። መልሰን ስንደምራቸው 8 ይቀራል። ባታምኑኝ ሠንጠረዡን ድጋሚ ሥሩ፣ በተዘጋው መስቀለኛ ላይ 0 ጽፋችሁ፦

1  4  4  5  8
1  3  0  1  3
1  2  0  1  2
1  1  1  1  1

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ፤ የተዘጋ መስቀለኛና የተዘጋ መንገድ አንድ አይደሉም። መስቀለኛዎቹ ክፍት ሆነው ከሀ ወደ ለ የሚወስደው ቁራጭ አስፋልት ብቻ ቢዘጋ፣ የምናጣው በዚያ ቁራጭ ላይ የሚሄዱትን 9 ብቻ ነው፤ 26 ይቀራል። ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ 0 አይጻፍም፤ ለ ላይ ስትደርሱ ከደቡብ የሚመጣውን አትደምሩም፣ ያ ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሐይቁ ዳር የጀልባ ትኬት የሚቆርጥ ልጅ አለ እንበል። ትኬቱ 50 ብር ነው። 8 ሰው ተሰልፏል፤ 4ቱ ባለ 50 ብር፣ 4ቱ ባለ 100 ብር ይዘዋል። ልጁ ኪሱ ባዶ ነው። «ዝርዝር የለም» ሳይል ሁሉንም የማስተናገድ ዕድሉ ስንት ነው? ሰልፉ እንዴትም ሊደረደር ይችላል፣ አደራደሮቹም እኩል ዕድል አላቸው ብለን እንነሳ።

ሰልፉ ቃል ነው፦ አምሳ ለያዘ አ፣ መቶ ለያዘ መ። 4 አ እና 4 መ፣ ኮ(8፣4)፣ 70 ሰልፍ። ልጁ የሚቸገረው ከፊት ጀምረን ስንቆጥር የመ ብዛት የአን ብዛት ሲበልጥ ነው። መረቡ ላይ ሲሣል 4 በ4 ካሬ ነው፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሰያፍ መስመር አለ፣ መንገዱ ሰያፉን መንካት ይችላል፣ መሻገር ግን አይችልም። የሚሻገሩትን በቀጥታ መቁጠር አስቸጋሪ ነው፤ መቼ እንደሚሻገሩ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሻገሩ አይታወቅም።

ዘዴው መስታወት ነው። አንድ የተበላሸ ሰልፍ እንውሰድ፦ አመመአአአመመ። ሦስተኛው ሰው ላይ ተበላሸ፤ አንድ አምሳ ገብቶ ሁለት መቶ መጣ። እስከዚያ ሰው ድረስ፣ እሱን ጨምሮ፣ ፊደሎቹን ገልብጡ፦ አ የነበረው መ፣ መ የነበረው አ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለውን አትንኩ። መአአአአአመመ ሆነ። ቁጠሩት፤ 5 አ እና 3 መ አለው። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ የተገለበጠው ክፍል ውስጥ መ በአንድ ይበልጥ ስለነበር ከግልበጣው በኋላ አ በአንድ ይበልጣል። አሁን ተመለሱ፦ 5 አ እና 3 መ ያለው ማንኛውም ቃል መጨረሻው ላይ አ ስለሚበልጥ፣ አ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ የበለጠበት ቦታ የግድ አለው። እስከዚያ ገልብጡት፣ አንድ የተበላሸ ሰልፍ ታገኛላችሁ፤ ያውም የመጣበትን ራሱን። ስለዚህ የተበላሹት ሰልፎች ልክ ኮ(8፣3)፣ 56 ናቸው። ያልተበላሹት 14። ዕድሉ ከ70 14፣ ማለትም ከአምስት አንድ።

ምን እንደሠራን አስተውሉ። አላካፈልንም። የማይቆጠረውን ከሚቆጠረው ጋር ጥንድ ጥንድ አደረግነው። ሲሜትሪ (ሲገለበጥ ወይም ሲዞር ሳይለወጡ መቅረት) ትልቁ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ተማሪ ግን «ሲሜትሪ» ሲባል ወዲያው «ለሁለት አካፍል» ነው የሚታየው።

ስሕተቱ የሚገባው በመስታወቱ ቦታ ነው። መስታወቱን ሰያፉ ራሱ ላይ ካቆማችሁት፣ መድረሻው ሰያፉ ላይ ስላለ ምስሉ ራሱ ይሆናል፤ 70 ሲቀነስ 70፣ ዜሮ። መንካት የተፈቀደ ስለሆነ መስታወቱ የሚቆመው ከሰያፉ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ጥፋቱ የሚፈጸምበት መስመር ላይ ነው።

ይህን ካወቃችሁ ልጁን መርዳት ትችላላችሁ። ጠዋት ሲወጣ አንድ ባለ 50 ብር ኪሱ ካለ፣ መስታወቱ አንድ እርምጃ ይርቃል፤ የተበላሹት ኮ(8፣2)፣ 28 ይሆናሉ፣ 42 ይተርፋሉ። ከ20 በመቶ ወደ 60 በመቶ ዘለለ። በሁለት ባለ 50 ብር የሚበላሹት 8 ብቻ፤ 89 በመቶ ገደማ። በሦስት የሚበላሸው አንድ ሰልፍ ነው፣ አራቱም መቶዎች ከፊት የተሰለፉበት። ከሁሉም የሚጠቅመው የመጀመሪያው ኖት ነው። ዝርዝር ሳይዙ መውጣት ደግሞ ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ይብሳል፦ ከሁለቱም ወገን እኩል 50 ሰው ቢኖር፣ በባዶ ኪስ የመሳካቱ ዕድል ከ51 አንድ ነው። በጥቅሉ ከየወገኑ ያለው ሰው ላይ አንድ ደምሩና አንድን ለሱ አካፍሉ። የሰልፎቹ ቁጥሮች 1፣ 2፣ 5፣ 14፣ 42 እያሉ የሚሄዱት በቤልጂጉ ዩጂን ካታላን ስም የሚጠሩት ናቸው። እርግጥ ሰው ሁሉ ከኤቲኤም ባለ 200 ብር አውጥቶ የመጣበት ቀን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ግማሹ ባለ 50፣ ግማሹ ባለ 100 ይዟል ያልነው ፈርሷልና።

የመስታወቱ ዘዴ ብዙ ቦታ ለፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ለዴዚሬ አንድሬ ይሰጣል። አንድሬ እ.ኤ.አ. በ1887 የምርጫ ድምፅ ቆጠራ ጥያቄን በአጭሩ መፍታቱ እውነት ነው፤ የሱ ማረጋገጫ ውስጥ ግን መስታወት የለም፣ መስታወቱ በኋላ የመጣ ነው።

ማካፈል መቼ ይፈቀዳል የሚለው ቀረን። ከ8 እኩል ቁራጭ ሽቦ እየታጠፈ የሚሠራ ደረጃ አስቡ፤ 4 ወደ ጎን 4 ወደ ላይ። 70 ቃል አለ። ሽቦውን ግን አንስታችሁ ማዞርና መገልበጥ ትችላላችሁ፤ አንዱ በሌላው ላይ ልክ ከተቀመጠ አንድ ዓይነት ነው። ስንት ዓይነት ሽቦ አለ? ካሬው መነሻና መድረሻውን በቦታቸው የሚተዉ ወይም እርስ በርስ የሚያቀያይሩ 4 እንቅስቃሴዎች አሉት፦ ዝም ማለት፣ በሰያፉ መገልበጥ፣ ግማሽ ዙር ማዞር፣ በሌላኛው ሰያፍ መገልበጥ። ስለዚህ 70 ለ4? 17.5 ይመጣል። ግማሽ ሽቦ የለም።

የቅድሙን አስታውሱ፤ ማካፈል የሚፈቀደው እያንዳንዱ እኩል ጊዜ ሲቆጠር ነው። እዚህ እኩል አይደለም፤ ከግማሽ ዙር በኋላ ራሱን የሚሆን ሽቦ አለ፣ እሱ አራት ሳይሆን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተቆጠረው። መድኃኒቱ፣ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሳይለወጡ የሚቀሩትን ቃሎች ቆጥሮ አማካዩን መውሰድ ነው። ዝም ስንል 70ውም ይቀራሉ። በሰያፉ ስንገለብጥ ሐ እና ሰ ይለዋወጣሉ፤ የመጀመሪያው ፊደል ራሱ ስለሚለወጥ የሚቀር የለም፣ 0። ግማሽ ዙር ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት ያነበዋል፤ የሚቀሩት እንደ ሐሰሰሐሐሰሰሐ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት የሚነበቡት ናቸው። የፊተኛው ግማሽ 2 ሐ እና 2 ሰ ካለው ቀሪው ራሱ ይሞላል፤ ኮ(4፣2)፣ 6። አራተኛው ከኋላ ያነባል፣ ይለዋውጣልም፤ የፊተኛውን 4 ፊደል እንደፈለጋችሁ ሙሉት፣ የኋለኛው የግድ ይሆናል፣ 16። 70 ሲደመር 0 ሲደመር 6 ሲደመር 16፣ 92፤ ለ4 ሲካፈል 23 ዓይነት ሽቦ። ዘዴው የበርንሳይድ ለማ (ለማ ማለት አጋዥ ቲዎረም ነው) ይባላል፤ በርንሳይድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1897 መጽሐፉ ውስጥ ለጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ለፍሮቤኒየስ ነው የሰጠው።

ባትቀበሉት 2 በ2 ላይ በእጃችሁ ሞክሩት፤ 6 ቃል ብቻ ነው። 6፣ 0፣ 2፣ 4 ሲደመሩ 12፣ ለ4 ሲካፈል 3። ሽቦዎቹ ሐሐሰሰ፣ ሐሰሐሰ እና ሐሰሰሐ ናቸው፤ የቀሩት ሦስት ቃላት የእነዚህ ግልባጭ ናቸው።

የጀመርንበት 4 በ3 መረብስ? ካሬ ስላልሆነ በሰያፍ የሚገለበጥ የለውም፤ ያለው ዝም ማለትና ግማሽ ዙር ብቻ ነው። በግማሽ ዙር የማይለወጡ ቃሎች 7 ፊደል ስለሆኑ መሀል ላይ አንድ ብቸኛ ፊደል ይቀመጣል፤ ሰ ሦስት፣ ጎዶሎ ስለሆነ መሀሉ ሰ መሆን አለበት። ሦስት ቃል ብቻ ይወጣል፦ ሰሐሐሰሐሐሰ፣ ሐሰሐሰሐሰሐ፣ ሐሐሰሰሰሐሐ። 35 ሲደመር 3፣ ለ2 ሲካፈል 19።